የቀለም ቀቢው ልጅ ያነበበችው ቃል

ይድረስ ለእታለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ከወሬው ሁሉ በፊት ወገብሽን ልጠይቅ። ጎንበስ ብለሽ ስትሰፊ ሰቅዞ የሚይዝሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ጥርስሽን ነክሰሽ «ደህና ነኝ» ትያለሽ? እማዬስ ዓይኗ እንዴት ሆነላት? ጠብታውን «ያቃጥለኛል» እያለች ትራስ ሥር እንደምትደብቀው አውቃለሁና እባክሽ እያየሽ አስጨምሪያት። ባለቤትሽ፣ ጋሼ ሾፌሩ፣ ያን ሁሉ መንገድ ነድቶ በሰላም ይገባል? መንትዮቹስ አሁንም አንድ ብርድ ልብስ ሲጓተቱ ነው የሚያድሩት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አንዳች አልጎደለብኝም። ጤናዬ ደህና ነው፤ እንዲያውም ሰውነቴ ሞላ ብሎ የሰፋሽልኝ ሰማያዊ ቀሚስ ጎኑ ላይ እምቢ ብሎኛል። ስትስቂብኝ ከዚህ ይሰማኛል።

ባለፈው ስትጽፊልኝ ትልቋ ልጅሽ በእንግሊዝኛ እንደተቸገረች፣ ስታነበንብ ያመሸችው ቃል ሁሉ ጠዋት እንደ ጤዛ እንደሚጠፋባት ነግረሽኝ «አንቺ አስተማሪ አይደለሽ? መላ በይን እንጂ» ብለሽኝ ነበር። ወዲያው ያልመለስኩልሽ ረስቼሽ አይደለም። መላውን እኔ ራሴ ያገኘሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ፣ ከአንዲት ሴትዮ ነው። በቅርቡ ደግሞ በዚያው ትምህርት ሰበብ ልብ የሚሰቅል ነገር ደረሰብን፤ ነገሩ እልባት እስኪያገኝ ብዕር ማንሳት አቃተኝ። አሁን ሻይዬን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ከሥር ከመሠረቱ ላጫውትሽ።

እዚህ እንደመጣሁ የማስተምረው እኔው በተማርኩበት መንገድ ነበር። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ ቃል እሞላና ትርጉሙን ከጎኑ እጽፋለሁ፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ይሸመድዳሉ፣ ዓርብ እፈትናለሁ። ዓርብ ያገኙትን ቃል ሰኞ ብጠይቃቸው ግን ዓይናቸውን ያፈጡብኛል። በወንፊት ውሃ መቅዳት ሆነብኝ። ከጎኔ ካለው ክፍል ደግሞ በስሱ ግድግዳ በኩል ሳቅና ጭብጨባ ይሰማል። ልጆቹን እንዲህ የሚያስፈነጥዘው ምን ዓይነት አስተማሪ ነው እያልኩ በሆዴ ሳማ ከረምኩ።

አንድ ቀን ደፍሬ በሩ ላይ ቆምኩ። የክፍሉ ባለቤት ጡረታቸው የተቃረበ፣ ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ቀጭን መምህርት ናቸው። ተማሪዎቹ «እቴጌ ሰኞ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ በሆዳቸው ደስ የሚላቸውም ይመስለኛል። ስሙ የወጣላቸው ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሰሌዳው መካከል አንድ ቃል ጽፈው ጠመኔያቸውን ስለሚያስቀምጡ ነው። አንድ ቃል ብቻ፣ እታለም! ሳምንቱን ሙሉ ክፍሉ ከዚያች ቃል ጋር ይከርማል።

ያን ቀን የተጻፈችው «ፖርት» ነበረች። መሸከም ማለት ነው አሉ፤ ከዚያ ልጆቹ ዘመዶቿን ማፈላለግ ጀመሩ። አንዱ «ትራንስፖርት» ሲል ከቦታ ቦታ መሸከም ሆነ፤ አንዷ «ኤክስፖርት» ስትል ወደ ውጭ መሸከም፣ «ኢምፖርት» ወደ ውስጥ መሸከም። ከኋላ ወንበር አንዱ «ሪፖርት!» ብሎ ሲጮህ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው ግን ኮስተር ብለው «ልክ ነህ፤ ያዩትን ተሸክሞ መመለስ አይደል?» አሉት። ልጁ ሎተሪ የወጣለት መሰለ። ቀጥለውም «የኛ ቋንቋስ እንዲሁ አይደል? ጻፈ ብላችሁ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ መጻፊያ፣ አጻጻፍ ትሉ የለም? አንዱን ካወቃችሁ ቤተሰቡን በመልኩ ታውቁታላችሁ» አሏቸው። 

ሥራው በዚህ አያበቃም። በሳምንቱ አጋማሽ ልጆቹ ያቺን ቃል ወይም ዘመዷን ከመንገድ ፈልገው ማምጣት አለባቸው፤ ከሱቅ ማስታወቂያ ይሁን፣ ከመድኃኒት ካርቶን፣ ከሬዲዮ ጀርባ። ዓርብ ደግሞ ቃሏን በራሳቸው ወሬ ውስጥ አስገብተው ያወራሉ። ትርጉም ብቻ የሸመደደ እዚያ ላይ ይያዛል። ያየሁት ነገር ቀልቤን ወሰደው፤ ሳልግደረደር «ያስተምሩኝ» አልኳቸው። «ነይ ግቢ፣ ወንበር ሞልቷል» አሉኝና ከልጆቹ ጋር አስቀመጡኝ። ከዚያ ወዲህ የኔም ክፍል ሰሌዳ መሃል ላይ አንድ ቃል ነው የሚውለው።

እንግዲህ ለልጅሽም መላው ይኸው ነው። ያን ሁሉ ቃል ትተወው። ሳምንቱን በአንድ ቃል ትጀምር፤ አንቺ ጨርቅ ስትቆርጪ አጠገብሽ ትቀመጥና ከክሩ ማሸጊያ ላይ፣ ከስፌት መኪናሽ ላይ ዘመዱን ትፈልግ፤ ከዚያ ላንቺ ታስረዳሽ። «እኔ እንግሊዝኛ የት አውቄ» እንዳትዪ። አንቺ «አልገባኝም» ባልሽ ቁጥር ነው እሷ የሚገባት።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። በእቴጌ ሰኞ ክፍል ውስጥ ጥያቄ የማያልቅባት አንዲት ልጅ አለች፤ ጓደኞቿ «ወይዘሪት ለምን» ብለው ስም አውጥተውላታል። ፀሐይ ለምን ትሞቃለች ከማለት አልፋ ርዕሰ መምህሩን «ለምን ሁልጊዜ ይቆጣሉ?» ብላ የጠየቀች ናት። አባቷ መኪና ቀለም ቀቢ ነው፤ ጋራዡ ከትምህርት ቤቱ ብዙ አይርቅም። በዚያ ሳምንት ሰሌዳው ላይ የዋለችው ከቃል ፊት የምትለጠፍ «ኢን» የምትባል ቁራጭ ነበረች። «ቪዚብል» የሚታይ፣ «ኢንቪዚብል» የማይታይ፤ «ኮሬክት» ልክ የሆነ፣ «ኢንኮሬክት» ልክ ያልሆነ። ልጆቹ «ኢን ካለ አይደለም ማለት ነው» ብለው ጥርቅም አድርገው ያዙ።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ልጅቷ ወደ አባቷ ጋራዥ ትሄዳለች። አባትየው ቀለም ከመቀባቱ በፊት ቆርቆሮውን ከቅባት የሚያጸዳበት አዲስ ፈሳሽ በጄሪካን ገዝቶ ነበር። ሻጩ እንደ ሳሙና ውሃ ነው ብሎታል። ጄሪካኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ተቀዶ ሥዕሉ ጠፍቷል፤ የቀረው በቀይ የተጻፈ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። «ነይ እስቲ አንቺ የተማርሽው፣ ምን ይላል?» ይላታል። እሷም ጎንበስ ብላ «ኢንፍላማብል» ብላ ታነባለች። ከዚያ ልክ እንደተማረችው በጣቷ እየከፈለች «ፍላም ነበልባል ነው፤ አብል የሚችል ነው፤ ኢን ደግሞ አይደለም ነው። የማይነድ ማለት ነው፣ አባዬ» ትለዋለች። አባትየው እዚያ ያሉትን ሁሉ ጠርቶ «ልጄን አያችኋት?» እያለ ኩራቱ ሊገድለው ደረሰ። ጄሪካኑንም ቦታ እንዳያጣብብ ብሎ በያጁ ከሚሠራበት ጥግ አስጠጋው።

የቃሉ ትርጉም ግን ተቃራኒው ነው፣ እታለም። በቀላሉ የሚነድ፣ እሳት የሚስብ ማለት ነው።

በማግሥቱ በያጁ ሲበይድ አንድ ብልጭታ ፈሳሹ የፈሰሰበት ጨርቅ ላይ አረፈች። ቦግ አለ። ቀለም ቀቢው ጄሪካኑን አንስቶ ወደ ውጭ ሲሮጥ እሳቱ እጁን እስከ ክርኑ ለበለበው። በያጁና ሌሎቹ አሸዋ እየበተኑ አጠፉት። ፈጣሪ ሲረዳቸው የሰው ሕይወት አልጠፋም፤ አንድ የደንበኛ መኪና በር ግን ከሰለ፣ የአባትየው ቀኝ እጅም በፋሻ ተጠቀለለ።

ሰኞ ልጅቷ አልመጣችም። ወሬው በወንበር ጓደኛዋ በኩል ደረሰን። ርዕሰ መምህሩ እኔንና እቴጌ ሰኞን ጠርቶ በሩን ዘጋና «የጋራዥ እሳት ትምህርት ቤቱን አይመለከተውም። ነገሩ ወደኛ እንዳይዞር ዝም እንበል፤ ይህንንም የቃል ጨዋታ ትታችሁ መጽሐፉን አስተምሩ» አለን። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈርቶ ነው። እኔም እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈርቼ አንገቴን ደፍቼ ነበር። እቴጌ ሰኞ ግን መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና «ልጅቷ እኔ ያስተማርኳትን ነው ያነበበችው። እኔ ዝም ካልኩ ጥፋቱ እሷ ላይ ሊቀር ነው» አሉት፤ ረጋ ብለው፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው «አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አሉኝ። እንዴት እምቢ እላለሁ?

ቤታቸው በአንድ መጋረጃ የተከፈለ አንድ ክፍል ነው። አባትየው የተጠቀለለ እጁን ትራስ ላይ አሳርፎ ተቀምጧል። እናትየው ወንበር ብትሰጠንም ፊቷ ጠቁሯል። «ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ የዳቦ ላስቲክ ላይ ያለውን እንኳ አላነብም ብላለች። መጽሐፏን አልጋ ሥር ወርውራዋለች» አለችን። ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ናት፤ እግሯ ብቻ ከሥር ይታያል። አንጀቴን በላችው።

መምህርቷ አልተቀመጡም። በቆሙበት «ልጅዎ አልተሳሳተችም፤ ያጎደልኩት እኔ ነኝ» አሉት አባትየውን። «ኢን» ሁለት መልክ እንዳላት አስረዱ፤ አንዷ «አይደለም» የምትል፣ ሌላዋ «ወደ ውስጥ» የምትል። ኢንፍላማብል ከሁለተኛዋ ነው የመጣው፤ ወደ ነበልባል የሚገባ እንደማለት። የቋንቋው ባለቤቶች ሳይቀሩ ስለሚሳሳቱበት ዛሬ ዛሬ ብዙ ቦታ ፊቱን ቆርጠው «ፍላማብል» ብቻ እንደሚጽፉም ነገሩት። አባትየው አዳምጦ አዳምጦ «ታዲያ ምን ሆነው ነው አንዱን ቁራጭ ለሁለት ተቃራኒ ነገር የሚያውሉት? ቃል አነሳቸው?» አለ። እሳቸውም «እኛስ?» አሉት። «ሕፃኑ ጥርስ አወጣ ስንል በቀለለት ማለታችን ነው፤ ሐኪሙ ጥርስ አወጣ ስንል ነቀለው ማለታችን ነው። እንግዳ ሰው ቢሰማን ምን ይለናል?» እናትየው ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። አባትየውም ሳቀና እጁ ሲጠዘጥዘው «ኧረ አታስቁኝ» አለ።

ያኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቀጭን ድምፅ መጣ። «ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» አለች ልጅቷ።

 መምህርቷ ወደ መጋረጃው ዞሩ። ጊዜ ስላልበቃን፣ መጽሐፉ ላይ ስለሌለ፣ ሌላም ሌላም ማለት ይችሉ ነበር። «ስላላሰብኩበት ነው፣ ልጄ። ሌላ ምክንያት የለኝም» አሏት። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየንም። ተመለሺም አላሏት፣ አልለመኗትም። ስንወጣ መጋረጃው ትንሽ ገለጥ ብሎ አንድ ዓይን ሲከተለን አየሁ።

በማግሥቱ ክፍላቸው ገብተው ያችኑ «ኢንፍላማብል» የምትል ቃል ሰሌዳው መሃል ጻፏት። ርዕሰ መምህሩ በመስኮት በኩል እንደቆመ አይተዋል፤ አልተሸማቀቁም። የልጅቷን ስም ሳያነሱ፣ «ኢን» «ወደ ውስጥ» የሚል ሌላ መልክ እንዳላት፣ ያስተማሩት ግማሹን ብቻ እንደነበረና በዚያ ሰበብ ሰው እንደተቃጠለ ተናገሩ። ከኋላ ወንበር ያ የሪፖርት ጌታ እጁን አወጣና «ኢምፖርት ላይ ያለችው ናት እንዴ? ወደ ውስጥ የምትለዋ?» አለ። «እሷው ናት! ከፖ ፊት ስትመጣ ኢም ትሆናለች። እጃችን ላይ ነበረች፤ እኔም አላየኋት» አሉ። ከዚያ እንዲህ አሏቸው፦ «ቃልን ቆራርጣችሁ የምታገኙት ትርጉም ግምት ነው። መገመት ጎበዝነት ነው፤ ግምትን ሳያጣሩ ለሰው መስጠት ግን አደጋ ነው።» ርዕሰ መምህሩ ከመስኮቱ ሄደ። ከዚያ ወዲያም ሥራውን አቁሙ አላለንም።

ጥቂት ቀን ቆይቶ አባትየው እጁን በአንገቱ አንጠልጥሎ ልጁን እየመራ መጣ። ለርዕሰ መምህሩ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «ሰው ሁሉ ልጅህን ከዚያ ትምህርት አውጣት ይለኛል። እኔ ግን ሳስበው ጋራዡ ውስጥ የምንውለው ማናችንም በማናነበው ነገር ተከበን ነው። ልጆቹን ቅዳሜ ይላኩልን።»  እቴጌ ሰኞ ይህን ሲሰሙ እጁን ሊጨብጡ ፈልገው ፋሻውን ሲያዩ ትከሻውን ዳበስ አደረጉት።

ቅዳሜ ሄድን። ጋራዡ የቀለምና የዘይት ሽታ የሚያፍን፣ በብርጭቆ ወረቀት የተፋቁ መኪኖች የተደረደሩበት ነው። መካኒኮቹ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው እንደ ተማሪ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ልጆቹ ከየጣሳውና ከየጄሪካኑ የማስጠንቀቂያ ቃል እየለቀሙ መዝገበ ቃላት ያያሉ፤ በካርቶን ላይ ትርጉሙን በትልቁ ይጽፋሉ፤ ሥዕል የሚችለው ነበልባሉን ይሥላል። በያጁ ቀልደኛ ነው፤ «እኔ ዕድሜ ልኬን ከነዚህ ጋር ስኖር አንድም ቀን አስተዋውቀውኝ አያውቁም» ይላል።

ወይዘሪት ለምን ግን አብራት የመጣችውን እናቷን ተጠግታ ቆማለች። ከተመለሰች ጀምሮ ክፍል ውስጥ ትጽፋለች እንጂ ድምፅ አውጥታ አላነበበችም። አባቷ ጠራት። መጣች። ካርቶን እያነሳ ያሳያታል፤ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ቀስ በቀስ ድምፅ እያወጣች አነበበች። ያችን የረገመቻትንም ቃል አነበበቻት፤ «በቀላሉ የሚነድ» አለች። መካኒኮቹ አጨበጨቡላት።

በዚህ መሃል በያጁ ከመደርደሪያ ሥር አንድ የተረሳ ጣሳ ጎትቶ አወጣ። «ይህስ? ይህ ምን ይላል?» አለና ፊቷ ላይ ያዘው። ሁሉም ዞረው አዩዋት። አጎንብሳ ረጅሙን ቃል በዓይኗ ተከተለችው። ዘመድ የሚመስል ቁራጭ እንዳየች ከፊቷ ገባኝ፤ ልትናገር አፏን ከፈተች።  አጠገቤ ያሉት መምህርት እጄን ጨበጡኝ፤ ጥፍራቸው ሊገባብኝ ነበር።

«አላውቀውም» አለች፤ ቀና ብላ፣ ጥርት ባለ ድምፅ። «መዝገበ ቃላቱ ላይ ፈልጌ እነግርዎታለሁ። እስከዚያ ከእሳት ራቅ አድርገው ያስቀምጡት።»

በያጁ ቀልዱ ጠፋበት። «እሺ፣ የኔ እመቤት» ብሎ ጣሳውን በሁለት እጁ እንደ አራስ ሕፃን አቅፎ ወደ ግቢው አወጣው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እንሞት ነበር፤ ያን ቀን ግን ማንም አልሳቀ። እቴጌ ሰኞ ወደ ጎማዎቹ ዞረው መነጽራቸውን ሲጠርጉ ቆዩ። «ከልጆቼ ሁሉ የምትበልጠው አሁን ነው የታየችኝ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። እኔ የሳቸውንም ድፍረት፣ የአባቷንም ልብ፣ የልጅቷንም ጥንካሬ እያሰብኩ ከማን ልጀምር ብዬ ግራ ገባኝ። ይህን ሥራ የያዝኩት ደመወዝ አለው ብዬ እንደነበር ታውቂያለሽ፤ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ግን ቢከለክሉኝም የምተወው አይመስለኝም።

እንግዲህ ወረቀቱ አለቀብኝ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ጠብታውን እምቢ ካለች «ታናሽ ልጅሽ ሳትቆጣ አትቀርም» በያት። ጋሼ ሾፌሩን ከዚያ ከሚያስቅ ባርኔጣው ጋር ሰላም በይልኝ፤ እንቅልፍ ሲመጣበት ዳር ይዞ ያቁም። ትልቋን ልጅሽን እቀፊልኝ፤ የመጀመሪያ ቃሏን ራሷ ትምረጥና ትጻፍልኝ። መንትዮቹን ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ብርድ ልብሱን ግን ሁለት አድርጊው። ጎረቤታችን ጡረተኛዋ ነርስ ወገብሽን እንድታይልሽ አደራ ብያታለሁ፤ አትሽሺያት። አንቺን ግን በምን ቃል ልሰናበትሽ? ናፍቀሽኛል፤ ይህኛው መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም።

ታናሽ እህትሽ

ከመምህራን መኖሪያ፣ ከመስኮቱ አጠገብ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሊጀመር ሲል